የታተመ ሥራዎን ቀጣሪ በሊንክድኢን ገጽዎ ላይ እንዲያገኘው

በአንድ የምርምርና የልማት ድርጅት ውስጥ ለጥቂት ዓመታት የሠራተኛ ምልመላ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። በእነዚያ ዓመታት ደጋግሞ የገጠመኝ አንድ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። አመልካቹ ቃለ መጠይቁን ጨርሶ ሊነሣ ሲል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በዚሁ ጉዳይ ላይ እንኳ አንድ ጽሑፍ አሳትሜ ነበር» ይላል። የት እንደሆነ ስንጠይቀው የመጽሔቱን ስም ይነግረናል። የሊንክድኢን ገጹን ከፍተን ብንፈልግ የለም። ሲቪው ላይ ደግሞ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በአንዲት መስመር፣ ያለ ሊንክ ተጽፏል። ይህ ሰው ቢያንስ ለቃለ መጠይቅ ደርሷል። እኔን የሚያሳስቡኝ ሥራቸው እንዲሁ ተቀብሮ ስለ ቀረ ጭራሽ ያልጠራናቸው ናቸው።

ብዙዎቻችን ስለ ራሳችን ሥራ መናገርን ከጉራ እንቆጥረዋለን። አስተዳደጋችን ነውና አይፈረድብንም። ነገር ግን ያንኑ ትሕትና ያስተማሩን አባቶችና እናቶች «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለታቸውንም አንርሳ። ከዚህ በታች የምጽፈው ራስን ስለ ማወደስ አይደለም፤ የሠሩትን ሥራ ሰው በሚያገኘው ቦታ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ ስለ ማስቀመጥ ነው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከተመራማሪና ከጋዜጠኛ ሕይወት የተወሰዱ ቢሆኑም፣ የግምገማ ዘገባ ለጻፈ የልማት ባለሙያም፣ ለተርጓሚም፣ ለመምህርም ያገለግላሉ።

ቀጣሪው ምን ያያል?

ሊንክድኢን በአውሮፓውያኑ 2003 ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን አሁን ከአንድ ቢሊዮን በላይ አባላት አሉት። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ገጽ በገጽ እየገለጠ የሚፈልግ ቀጣሪ የለም። ለመልማዮች በተዘጋጀው የፍለጋ መሣሪያ ላይ የሥራ መደብ፣ ሙያና ከተማ ያስገባል፤ ለምሳሌ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ፣ ሥነ ምግብ፣ አዲስ አበባ ብሎ። የሚመጣለት የስም ዝርዝር ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጋር ፎቶግራፍ፣ ከስሙ ሥር ያለችው አጭር መግለጫ፣ አሁን ያለበት ሥራና ከተማ ይታያሉ። ከዚያ ውስጥ ዓይኑን የሳበውን ብቻ ይከፍታል፤ ከከፈተም በኋላ ጥናትዎን ተቀምጦ አያነብም።

እንግዲህ የታተመው ሥራ ሁለት ጥቅም ይሰጣል። በውስጡ ያሉት ሙያዊ ቃላት ገጽዎ በፍለጋ እንዲገኝ ይረዳሉ። ገጹ ሲከፈት ደግሞ «ይህ ሰው ይህን ሥራ በእርግጥ ሠርቶታል» ያሰኛል። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በሆነችው አዲስ አበባ ውስጥ ለአማካሪነት የሚወዳደር ሰው የጽሑፍ ናሙና መጠየቁ የተለመደ ነው። ናሙናው ሳይጠየቅ አስቀድሞ ገጽዎ ላይ ቢገኝ ለመልማዩ አንድ ደብዳቤ ይቀንስለታል።

ደረጃ 1፦ ሰብስበው ይምረጡ

በመጀመሪያ ኮምፒውተርዎን ሳይከፍቱ ወረቀት ይዘው ይቀመጡና እስከ ዛሬ በስምዎ የወጣውን ሁሉ ይዘርዝሩ። የምርምር መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ፣ በጉባኤ ጥራዝ የታተመ፣ የመጽሐፍ ምዕራፍ፣ የጋዜጣ ወይም የመጽሔት ሐተታ፣ ስምዎ በሽፋኑ ወይም በምስጋናው ገጽ የሰፈረበት የጥናት ዘገባ፣ የሥልጠና ማኑዋል፣ ትርጉም፤ ሁሉም ይቆጠራል። የመመረቂያ ጽሑፍም በዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክ ማከማቻ ውስጥ ከተቀመጠ ሊንክ አለው ማለት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ማከማቻ አለው፤ የራስዎን ስም ፈልገው ይመልከቱ፤ ብዙ ተመራቂዎች ጽሑፋቸው እዚያ መኖሩን እንኳ አያውቁም።

ከዝርዝሩ የሚወጡም አሉ። ለመጽሔት ተልኮ ገና መልስ ያላገኘ ጽሑፍ «የታተመ» አይባልም፤ ማስገባት ከፈለጉ «በግምገማ ላይ» ብለው በግልጽ ይጻፉ። የአሠሪዎ ንብረት የሆነና ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተዘጋጀ ዘገባ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይወጣም። ሦስተኛው የሚከብደው ነው፤ ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ በቀናት ውስጥ የሚያትሙ መጽሔቶች አሉ። በኢሜይል እያባበሉ ብዙ ወጣት መምህራንን አታለዋል። በዚህ ዓይነት መጽሔት ያሳተመ ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ የሚመክረው አላገኘም። ይሁንና ጉዳዩን የሚያውቅ መልማይ የመጽሔቱን ስም ሲያይ ሌሎቹን ሥራዎችዎንም ይጠራጠራል። ስለ መጽሔቱ ጥርጣሬ ካለዎት በነፃ የሚነበቡ መጽሔቶችን በሚመዘግበው ዶአጅ ወይም በርካታ የኢትዮጵያ መጽሔቶች በሚገኙበት በአፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ይፈልጉት። በዚያ ባለመገኘቱ ብቻ መጥፎ ነው ባይባልም፣ ቆም ብለው አሳታሚውን እንዲያጣሩ ያስገድድዎታል።

ከቀረው ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ሥራ ይምረጡ። መምረጫው አንድ ጥያቄ ነው፦ ቀጥዬ ልይዘው የምፈልገው ሥራ ይህን ዓይነት ችሎታ ይጠይቃልን? አንዲት የማውቃት የጤና ባለሙያ ሰባት ጽሑፎች ነበሯት። የምትፈልገው የክትትልና ግምገማ ሥራ ነበር። ከሰባቱ ውስጥ በጣም የምትኮራበት በላቦራቶሪ የተሠራ ጥናት ነበር፤ ለምትፈልገው ሥራ ግን የሚናገረው አልነበረም። ሁለት ተራ የሚመስሉ የቤት ለቤት ዳሰሳዎችን ወደ ፊት አመጣን፤ ናሙና እንዴት እንደ ወሰደች፣ መረጃ ሰብሳቢዎችን እንዴት እንደ መራች የሚያሳዩት እነዚያ ነበሩ። ሌሎቹ አልተሰረዙም፤ ወደ ታች ወረዱ እንጂ።

ደረጃ 2፦ የማይሞት ሊንክ ያዘጋጁ

ሊንኩ ላይ ተጭነው «ገጹ አልተገኘም» የሚል መልስ ከመጣ፣ ሥራው እንደሌለ ይቆጠራል። የአገራችን ጋዜጦች ድረ ገጻቸውን ሲያድሱ የድሮ ጽሑፎች ሊንክ መሰበሩ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ስለዚህ ይህን ሥራ አስቀድመው ይጨርሱት።

የምርምር ጽሑፍ ከሆነ ዲኦአይ የሚባለውን ቋሚ ቁጥር ይፈልጉ። ሁልጊዜ በ10 እና በነጥብ የሚጀምር ነው፤ ብዙ ጊዜ የጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። መጽሔቱ ድረ ገጹን ቢቀይር እንኳ አሳታሚው አዲሱን አድራሻ እስካስመዘገበ ድረስ ቁጥሩ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይወስዳል። የአሳሽዎን የአድራሻ ሳጥን ገልብጠው ከመለጠፍ በዲኦአዩ የተሠራውን አድራሻ ይጠቀሙ።

የጋዜጣ ጽሑፍ ከሆነ ገጹን በኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ ዛሬውኑ ያስቀምጡት። አድራሻውን ለጥፈው «ሴቭ ፔጅ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው፤ ክፍያም የለውም። ዋናው ሊንክ ሲሞት የአርካይቩን ሊንክ ይተኩበታል። በወረቀት ብቻ የወጣ ጽሑፍ ካለዎት ገጹን በጥሩ ብርሃን ስካን ያድርጉት፤ የጋዜጣው ስም፣ ቀኑና የገጽ ቁጥሩ በምስሉ ውስጥ መታየት አለባቸው። ያለ እነርሱ ቁራጭ ወረቀት ማስረጃ አይሆንም። መጽሐፍ ያሳተሙ ከሆነ ደግሞ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት በኩል የተሰጠውን ባለ 13 አሃዝ መለያ ቁጥር ይያዙ።

ስለ ቅጂ መብት አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይሳሳትበታልና። ጽሑፉን እርስዎ ስለ ጻፉት ፒዲኤፉን የትም መጫን ይችላሉ ማለት አይደለም። በክፍያ የሚነበቡ መጽሔቶች ብዙውን ጊዜ የመጨረሻውን የታተመ ቅጂ መብት በውል ይወስዳሉ። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የወጣ ከሆነ ምንጩን ጠቅሶ ማካፈል ይቻላል፤ ካልሆነ ግን ሊንኩን ብቻ ያስቀምጡ። የጋዜጣ ገጽ ስካንም ከሆነ ለአዘጋጁ አጭር መልእክት ልኮ ማስፈቀድ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ የሕትመት ክፍሉን ይሙሉ

ገጽዎን ከፍተው ከስምዎ ሥር «አድ ፕሮፋይል ሴክሽን» የሚለውን ይጫኑ። ከሚመጡት ምድቦች «አዲሽናል» በሚለው ውስጥ «ፐብሊኬሽንስ» ይገኛል። ርዕስ፣ አሳታሚ፣ የወጣበት ቀን፣ ጸሐፊዎች፣ ሊንክና መግለጫ የሚሞሉባቸው ሳጥኖች ይከፈታሉ። ቀላል ይመስላል፤ እኛ የምንሰናከልባቸው ሁለት ቦታዎች ግን እዚህ አሉ።

የመጀመሪያው ቀኑ ነው። ኮሚቴ ውስጥ ሳለሁ አንድ አመልካች ጥናቱን በ2008 እንዳሳተመ ጽፎ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘው ግን በ2012 ነው ይላል ሲቪው። አንዱ የኮሚቴው አባል የውጭ ዜጋ ነበር፤ «ይህ ሰው ገና ሳይማር ነው እንዴ የጻፈው?» ብሎ ጠየቀ። የሆነው ግልጽ ነው፤ ዲግሪው በአውሮፓውያን፣ ጽሑፉ በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል። እኔ ባልኖር ኖሮ ሰውየው እንደ ውሸታም ተቆጥሮ ይቀር ነበር። ስለዚህ በሊንክድኢን ላይ ሁሉንም ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያድርጉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት ይደምራሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት። በኅዳር 2015 የወጣ ጽሑፍ የ2022 ነው፤ በሚያዝያ 2015 የወጣው ግን የ2023 ነው። ወሩንም ይቀይሩ እንጂ ኅዳርን በደፈናው ኖቬምበር አይበሉት፤ በወሩ መጨረሻ ገደማ ያለው ቀን ዲሴምበር ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ስም ነው። የእኛ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ መጽሔቶች ግን እንደዚያ ይወስዱትና በአባት ስም ይመዘግቡናል። በዚህ ላይ የላቲን ፊደል አጻጻፉ አለ። ጸሐይ የምትባል ሴት በአንዱ መጽሔት በ«ቲ»፣ በሌላው በ«ኤስ» የሚጀምር ስም ሊኖራት ይችላል፤ መልማዩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ያስባል። መፍትሔው እንዲህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሁልጊዜ የሚጠቀሙበትን አንድ አጻጻፍ ይወስኑ፤ የፓስፖርትዎ ቢሆን ይመረጣል። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር በነፃ ያውጡ፤ ከአውሮፓውያኑ 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሥርዓት ነው፤ በተለያየ አጻጻፍ የወጡትን ሥራዎች ሁሉ በአንድ ቁጥር ሥር ይሰበስባል። ያንን ሊንክ በሊንክድኢን የአድራሻ መረጃዎ ውስጥ ያስገቡት። ቀድሞ በሌላ አጻጻፍ የወጣ ሥራ ካለ በመግለጫው መጨረሻ ላይ በአንድ ሐረግ ያመልክቱ።

የጸሐፊዎችን ዝርዝር በታተመበት ቅደም ተከተል ያስቀምጡ። አራተኛ ሆነው ሳለ ራስዎን ወደ ፊት ማምጣት ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ሊንኩን የከፈተ ሁሉ ያየዋል።

አሳታሚውንም ለማያውቅ ሰው በሁለት ሦስት ቃል ያስተዋውቁ። ናይሮቢ ወይም ዱባይ የተቀመጠ መልማይ አዲስ ዘመን ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር «ከ1941 ጀምሮ የሚታተም የመንግሥት ዕለታዊ ጋዜጣ» ሲባል ግን ክብደቱ ይገባዋል። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናልም እንዲሁ፤ የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ከአውሮፓውያኑ 1962 ጀምሮ የሚያሳትመው መሆኑን የሚያውቅ የአገር ውስጥ ሐኪም ነው።

ደረጃ 4፦ መግለጫውን ለሰው ይጻፉት

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የሚተገብሩ ከሆነ ይህን ይሁን። የመግለጫው ሳጥን እስከ 2,000 ፊደላትና ምልክቶች ይይዛል፤ ብዙ ሰው የጥናቱን አጭር መግለጫ እንዳለ ገልብጦ ይለጥፍበታል። ያ የተጻፈው ለተመራማሪዎች ነው። መልማዩ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ጥያቄው ምን ነበር፣ እርስዎ በእጅዎ የሠሩት የትኛውን ነው፣ ከዚያስ ምን ተገኘ?

የጤና ባለሙያዋን ምሳሌ ልመለስበት። ገጿ ላይ የነበረው እንዲህ ይነበብ ነበር፦ «ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ አግድሞሽ የጥናት ንድፍ በመጠቀም ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ላይ የመቀንጨር ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች ተዳሰዋል።» ሐሰት የለበትም፤ ግን የሰው እጅ አይታይበትም። ተቀምጠን አዲስ ጻፍን፤ ቁጥሮቹን ለዚህ ጽሑፍ ስል ቀይሬያቸዋለሁ፦

«በአንድ ገጠር ወረዳ ሕፃናት ለምን እንደሚቀነጭሩ የጠየቀ ጥናት ነው። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ እኔ ነኝ። መጠይቁን አዘጋጅቻለሁ፣ ስምንት መረጃ ሰብሳቢዎችን አሠልጥኜ ለአምስት ሳምንት በመስክ መርቻለሁ፣ የ600 ቤተሰቦችን መረጃ ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ተንትኛለሁ። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ውጤቱን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠና ተጠቅሞበታል።»

በአራት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስንት ችሎታ እንዳለ ይቁጠሩ፤ መጠይቅ ዝግጅት፣ ሥልጠና፣ የመስክ አመራር፣ የመረጃ ትንተና፣ ከመንግሥት አካል ጋር መሥራት። የክትትልና ግምገማ ማስታወቂያ ሁሉ የሚጠይቃቸው እነዚህን ነው። ምንም አላጋነነችም፤ የሠራችውን በስሙ ጠራችው።

የጋዜጠኛም ሥራ እንዲሁ ነው። «በአዋሽ ተፋሰስ ስለ ደረሰ ጎርፍ የተጻፈ ሐተታ» ከማለት፣ ስንት ሰው እንዳነጋገሩ፣ የትኛውን ሰነድ ፈልገው እንዳገኙ፣ ፎቶግራፉን ማን እንዳነሣ፣ ከወጣ በኋላ ማን ምላሽ እንደ ሰጠ ይጻፉ። ምላሽ የሰጠ ከሌለ ያንን ትተው የሠሩትን ብቻ ይግለጹ። ያልተፈጠረ ውጤት መጨመር በቃለ መጠይቅ ላይ በሁለተኛው ጥያቄ ይገለጣል፤ ሲገለጥም አይቻለሁ፤ ለአመልካቹም ለእኛም ከባድ ቅጽበት ነበር።

በቡድን ለተሠራ ሥራ «ተሠርቷል፣ ተተንትኗል» እያልን ራሳችንን እንሰውራለን። «እኔ» ለማለት ያፍራሉ፤ አይፈሩ። የእርስዎን ድርሻ «እኔ»፣ የሌሎቹን «ባልደረቦቼ» ብለው ለይተው መጻፍ ለባልደረቦችዎም ፍትሕ ነው።

ደረጃ 5፦ ምርጦቹን ወደ ላይ ያውጡ

የሕትመት ክፍሉ ገጹ ውስጥ ከሥራ ልምድና ከትምህርት በታች ይቀመጣል፤ ብዙ ጎብኚ እዚያ ድረስ አይወርድም። ለዚህ ነው «ፌቸርድ» የሚባለው ክፍል ያስፈለገው። በዚያው «አድ ፕሮፋይል ሴክሽን» ውስጥ «ሪኮመንድድ» በሚለው ምድብ ያገኙታል፤ ከላይ በኩል ትልልቅ ካርድ ሆኖ ከምስል ጋር ይታያል። ሊንክ፣ ፒዲኤፍ፣ ምስል ወይም ቀደም ሲል የለጠፉትን ጽሑፍ ማስገባት ይቻላል።

ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ብቻ ናቸው ሳይንሸራተቱ የሚታዩት። ሊንኩን ሲያስገቡ ሊንክድኢን ከመጽሔቱ ድረ ገጽ የሚያመጣው ርዕስ ረጅምና ደረቅ፣ ምስሉም የመጽሔቱ አርማ ብቻ ሊሆን ይችላል። ርዕሱንና መግለጫውን ማስተካከል ይቻላል፤ ምስሉንም ከራስዎ ጥናት በተወሰደ አንድ ግራፍ ወይም በመስክ በተነሣ ፎቶግራፍ ይተኩት። ፎቶግራፉ ላይ ሰው ካለ፣ በተለይ ሕፃን ወይም ታካሚ፣ ያለ ፈቃድ አይጠቀሙበት።

ደረጃ 6፦ ቃላቱን በገጹ ሁሉ ይዝሩ

ከስምዎ ሥር ያለችው መግለጫ 220 ፊደላትና ምልክቶች ትይዛለች። አሁን ምናልባት «በእንዲህ ያለ ድርጅት ባለሙያ» ትል ይሆናል። ሥራውን፣ ዘርፉንና የታተመ ሥራ መኖሩን አብራ ትናገር፦ «የክትትልና ግምገማ ባለሙያ፤ የእናቶችና ሕፃናት ሥነ ምግብ፤ የመስክ ዳሰሳና ስታታ፤ የሦስት የታተሙ ጥናቶች ጸሐፊ»። «ትጉህና በቡድን መሥራት የሚወድ» የሚሉ ቃላት ቦታ ይይዛሉ እንጂ ማንም በእነርሱ አይፈልግም።

«አባውት» በሚባለው ክፍል 2,600 ፊደላትና ምልክቶች አሉዎት፤ ሳይከፈት የሚታየው ግን የመጀመሪያው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ በትውልድ ቦታ ወይም በትምህርት ታሪክ አይጀምሩ፤ መርምረው ባገኙት አንድ ነገር ይጀምሩ። በሥራ ልምድ ክፍሉም ጥናቱ በየትኛው መሥሪያ ቤት ሳሉ እንደ ተሠራ በዚያ ሥር በአንድ መስመር ይጥቀሱና ሊንኩን ያያይዙ። በችሎታዎች ዝርዝር ውስጥ ደግሞ በመግለጫዎችዎ የተጠቀሙባቸውን ቃላት እንዳሉ ያስገቡ፤ የሥራ ማስታወቂያ አምስት ስድስት አንብበው ቀጣሪዎች የሚጠቀሙበትን ስያሜ ይውሰዱ።

በአማርኛ ለታተመ ሥራ

የአማርኛ ጽሑፍ «ለውጭ ቀጣሪ አይጠቅምም» ብለው የሚተዉ ብዙ ናቸው። ተሳስተዋል። በሰብዓዊ ርዳታ፣ በጤና መልእክት፣ በትርጉምና በኮሙኒኬሽን ሥራ አማርኛ በጥራት መጻፍ መቻል ራሱ የሚፈለግ ችሎታ ነው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በእስራኤልም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚሠሩ ተቋማት ይህንኑ ይፈልጋሉ።

ርዕሱን በእንግሊዝኛ ተርጉመው ያስቀምጡ፤ የአማርኛውን ርዕስ በግዕዝ ፊደል አጠገቡ ይጻፉት፤ ሊንክድኢን ፊደላችንን ያለ ችግር ያሳያል። መግለጫው በእንግሊዝኛ ሆኖ ጽሑፉ በአማርኛ መሆኑን በግልጽ ይናገር። ጊዜ ካለዎት የአንዱን ምርጥ ጽሑፍ መግቢያ ራስዎ ተርጉመው በአንድ ገጽ ፒዲኤፍ አያይዙ። እግረ መንገዱን ሁለቱንም ቋንቋ መቻልዎን ያሳያል።

ደረጃ 7፦ ሥራው እንዲነበብ አንድ ጊዜ ይናገሩ

ገጹ ከተስተካከለ በኋላ ስለ አንዱ ሥራ አጭር ልጥፍ ይጻፉ። «ጽሑፌ መውጣቱን ስገልጽ ደስታ ይሰማኛል» የሚለው አጀማመር ለወዳጅ እንጂ ለመልማይ የሚሰጠው መረጃ የለም። ካጠኑት ውስጥ ያስደነቀዎትን አንድ ነገር በመጀመሪያው መስመር ይናገሩ፤ ለምን እንደ ተገረሙ ያብራሩ፤ አብረው የሠሩትን በስም ያመስግኑ። ጥሩ ከሆነ ያንኑ ልጥፍ ወደ «ፌቸርድ» መውሰድ ይቻላል።

ደረጃ 8፦ በሌላ ሰው ዓይን ይፈትሹት

ከገጽዎ ወጥተው በአሳሹ የግል መስኮት ውስጥ የራስዎን አድራሻ ይክፈቱ፤ ያልገባ ሰው የሚያየው ይህንን ነው። የሕትመት ክፍሉ ካልታየ በሕዝባዊ ገጽታ ማስተካከያው ውስጥ ያብሩት። ሊንኮቹን ሁሉ አንድ በአንድ ይጫኑ፤ በስልክም ይሞክሩ። ከዚያ ከሙያዎ ውጭ ላለ ዘመድ ያሳዩና «ይህ ሰው ምን የሚሠራ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ እርስዎ ከሚፈልጉት ከራቀ መግለጫው ገና ነው።

ሥራ እየፈለጉ መሆንዎን ለመልማዮች ብቻ የሚያሳይ ምርጫ አለ፤ ሊንክድኢን ከራስዎ መሥሪያ ቤት መልማዮች ሊሰውረው ይጥራል፤ ሙሉ ዋስትና ግን አይሰጥም። አለቃዎ ሳያውቅ የሚፈልጉ ከሆነ ይህን ያስቡበት። በሚጭኗቸው ፒዲኤፎች ውስጥ የስልክ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር ወይም የተሳታፊዎች ስም አለመኖሩንም ያረጋግጡ።

ገጽዎ መታየት ሲጀምር መልካም ሰው ብቻ አይመጣም። ለቪዛ፣ ለሥልጠና ወይም ለምዝገባ ገንዘብ የሚጠይቅ «መልማይ» አጭበርባሪ ነው፤ በተለይ ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች እንወስዳለን ከሚሉ ይጠንቀቁ። እውነተኛው መልማይ ከድርጅቱ ኢሜይል ይጽፋል፤ የሥራውን መግለጫም ይልካል።

እንዲህ ያለው ሲጽፍልዎ በዚያው ቀን ይመልሱ። ሲቪውን አያይዘው፣ ለተጠየቀው ሥራ የሚቀርበውን አንድ ሊንክ ብቻ መርጠው፣ ከሥሩ «ከዚህ ሥራ ጋር የሚገናኘው ሦስተኛው ክፍል ነው» ብለው ይላኩለት።